ኒኮላ ዣክ ኮንቴ፦ የእርሳስን ጥንካሬ ከአጋጣሚ ወደ ምርጫ የለወጠ ሠዓሊ

መግቢያ

የንድፍ ትምህርት ጀማሪ ወደ ክፍል ሲገባ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ምን መሣል እንደሚችል ሳይሆን የትኞቹን እርሳሶች እንደያዘ ነው። ጠንካራው፣ መካከለኛውና ለስላሳው ተለይተው ይደረደራሉ፤ ጫፋቸው በምላጭ ወይም በሰንጢ ይቀረጻል፤ ወረቀቱ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ልማድ እንደ ሥዕል ጥበብ ሁሉ ጥንታዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ እርሳስ በጥንካሬ ደረጃ ተለይቶ ሊመረጥ የቻለው ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። ለዚህ ለውጥ ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች መካከል ቀዳሚው ፈረንሳዊው ሠዓሊና የመካኒክ ጥበብ ባለሙያ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ ነው።

የኮንቴ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ጦርነት የእንግሊዝን ግራፋይት ከፈረንሳይ ሲያርቅ ምትክ ያገኘ ሰው ነው ይባላል። ይህ አባባል ስሕተት ባይሆንም ጉድለት አለበት። ምትክ ማለት የጠፋውን የሚተካ ነገር ነው፤ ኮንቴ የሠራው ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ የኮንቴ ዋና አስተዋጽኦ የግራፋይትን እጥረት ማቃለሉ ብቻ ሳይሆን የእርሳስን ጥንካሬ ሰው አስቀድሞ የሚወስነው ልክ ማድረጉ ነው የሚል ነው። ወደዚህ ያደረሰውም የሠዓሊ ዓይንና የዕደ ጥበብ ባለሙያ እጅ በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው መሆኑን ሕይወቱን በመከተል ለማሳየት ይሞከራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ይገባል። በአማርኛ እርሳስ የሚለው ቃል መጻፊያውንም ከባዱን ብረትም ያመለክታል። በዓረብኛም የመጻፊያው ስም ከብረቱ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ በአውሮፓ ቋንቋዎችም ግራፋይት ለረጅም ጊዜ ጥቁር እርሳስ በሚል ትርጉም ሲጠራ ኖሯል። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ግን ብረት አይደለም። በ1779 ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼለ ማዕድኑ የካርቦን ዓይነት መሆኑን አሳየ፤ በ1789 ደግሞ ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ አብርሃም ቨርነር መጻፍ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ግራፋይት ብሎ ሰየመው። ኮንቴ ሥራውን የጀመረው ማዕድኑ ትክክለኛ ስሙን ባገኘ ማግስት ነበር ማለት ይቻላል።

ልጅነትና የእጅ ትምህርት

ኮንቴ ኦገስት 4 ቀን 1755 በፈረንሳይ ኖርማንዲ፣ ሴ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ ከመሬት ሥራ የሚኖር ነበር፤ አባቱም ገና በልጅነቱ ሞተበት። በግብፅ ዘመቻ አብሮት የነበረውና በኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዦማር እንደሚተርከው፣ ኮንቴ በዘጠኝ ዓመቱ ከአንዲት ቢላዋ በቀር ሌላ መሣሪያ ሳይኖረው ቫዮሊን ሠርቷል። ታሪኩ በወዳጅ ብዕር የተጻፈ በመሆኑ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ቢሆንም፣ የዘመኑ ሰዎች ኮንቴን በምን ያስታውሱት እንደነበር ያመለክታል። ለእነርሱ ኮንቴ ከሁሉ በፊት እጁ የሚያስብ ሰው ነበር።

ወጣት ሳለ በሴ ከተማ ሆስፒታል ጸሎት ቤት የግድግዳ ሥዕሎችን ሣለ። ከዚያ በኋላም የአካባቢውን ሰዎች ምስል እየሣለ ኑሮውን መራ። የሰው መልክ መሣል የሚከፈልበት ሥራ ስለሆነ ስሕተትን አይታገሥም፤ ደንበኛው ራሱን በሥዕሉ ውስጥ ማግኘት ይፈልጋል። ቀለም ከመነካቱ በፊትም የፊቱ ንድፍ በቀላሉ ሊታረም በሚችል ቀጭን መስመር መቀመጥ አለበት። በኋላ ወደ ፓሪስ ሲሄድ ከሥዕሉ ጎን ለጎን የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የመካኒክ ትምህርቶችን ተከታተለ። በአንድ እጁ ብሩሽ፣ በሌላው የቤተ ሙከራ ዕቃ የያዘ ሰው ሆነ።

ከኮንቴ በፊት የነበረው የንድፍ ትምህርት

ኮንቴ የመጣበት ዘመን የንድፍ ትምህርት ከሠዓሊዎች አካዳሚ ወጥቶ ወደ ሠራተኛው ሕዝብ መድረስ የጀመረበት ዘመን ነበር። በአካዳሚው ሥርዓት ተማሪው በመጀመሪያ የሌሎችን ንድፎች ይገለብጣል፤ ቀጥሎ የጄሶ ቅርጾችን፣ በመጨረሻም ሕያው ሰውን እያየ ይነድፋል። በ1766 ሠዓሊው ዣን ዣክ ባሽልዬ በፓሪስ ለዕደ ጥበብ ሠራተኞች ልጆች ነፃ የንድፍ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ትምህርት ቤቱም እስከ 1500 ተማሪዎችን የሚያስተናግድ ነበር። እዚያ የሚማሩት ልጆች ሠዓሊ ለመሆን የመጡ አልነበሩም። ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ አንጥረኛውና ጨርቅ አታሚው ሥራውን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማየት እንዲችል ጂኦሜትሪ፣ የሰውና የእንስሳት ቅርጽ፣ አበባና ጌጥ መንደፍ ይማር ነበር።

የዚህ ትምህርት መሣሪያዎች ግን እንደ ተማሪዎቹ ብዛት የተመቹ አልነበሩም። በብዛት የሚገኙት ከሰል፣ ጥቁር ጠመኔና በብረት መያዣ ጫፍ ላይ የሚሰካ ቀይ ጠመኔ ነበሩ። ከሰል በቀላሉ ይረግፋል፤ ቀይ ጠመኔ አንዴ ከወረቀቱ ጋር ከተያያዘ በቀላሉ አይጠፋም። ቀጭንና የሚታረም መስመር የሚሰጠው ግራፋይት ነበር፤ የተሰመረውም በዳቦ ፍርፋሪ ሊጠፋ ይችል ነበር።

ጥሩ ግራፋይት ግን ከአንድ ቦታ ነበር የሚመጣው። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ከምበርላንድ፣ ቦሮውዴል በተባለ ሸለቆ የተገኘው ግራፋይት እጅግ ንጹሕ ስለነበር እንደ እንጨት በመጋዝ ተሰንጥቆ በእንጨት ሽፋን ውስጥ ይገባ ነበር። ማዕድኑ ለመድፍ ጥይት ማቅለጫ ቅርጾችም ይፈለግ ስለነበር ዋጋው ከፍተኛ ነበር። በ1752 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ከማዕድኑ መስረቅን ከባድ ወንጀል አድርጎታል። በሌላ አገር ያሉ ሠሪዎች የግራፋይት ዱቄትን ከድኝና ከሌሎች ነገሮች ጋር አቅልጠው ዘንግ ይሠሩ ነበር፤ ይህ ግን ወረቀት የሚቧጭር፣ የሚሰበርና የደበዘዘ መስመር የሚሰጥ ነበር።

ከሁሉ በላይ፣ የተሻለው የቦሮውዴል ግራፋይት እንኳ ተጠቃሚው በፈለገው ጥንካሬ ሊያዝዘው የሚችል አልነበረም። ጥንካሬው ከመሬት እንደወጣ ነው። ሠዓሊው ጠቆር ያለ ጥላ ሲፈልግ ለስላሳ ቁራጭ እስኪያጋጥመው መጠበቅ፣ ወይም በያዘው ላይ አብዝቶ መጫን ነበረበት። ስለዚህ መምህር ለተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እርሳስ ማዘዝ፣ ለዚህ መስመር ይህን፣ ለዚያ ጥላ ያን ተጠቀሙ ብሎ በእርግጠኝነት ማስተማር አይችልም ነበር።

ሸክላ፣ እሳትና ልክ

በ1793 ፈረንሳይና እንግሊዝ ወደ ጦርነት ሲገቡ የግራፋይቱ ንግድ ተቋረጠ። እርሳስ ለሠዓሊ ብቻ የሚያስፈልግ ዕቃ አልነበረም፤ ካርታ የሚያነሣው መኮንን፣ ምሽግ የሚነድፈው መሐንዲስና በመስክ ትእዛዝ የሚጽፈው ሁሉ ይፈልገዋል። በዚያን ጊዜ የአገሪቱን የጦር ዝግጅት ይመራ የነበረው ላዛር ካርኖ፣ ራሱም መሐንዲስ ነበርና ችግሩን ያውቃል፤ በ1794 ከውጭ የማይመጣ ነገር የሚጠቀም እርሳስ እንዲፈልግ ለኮንቴ አደራ ሰጠው። በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ኮንቴ መልሱን በጥቂት ቀናት አገኘ ይላል። ቀናቱ ጥቂት ይሁኑም አይሁኑ፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የሥዕልና የሙከራ ዓመታት በሒሳቡ መግባት አለባቸው። በ1795 መጀመሪያ ለዘዴው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።

ዘዴው ሲታይ ቀላል ነው። ንጹሕ ያልሆነውን ግራፋይት ፈጭቶ ማጣራት፤ ከተጣራ የሸክላ አፈርና ከውሃ ጋር እንደ ሊጥ አድርጎ ማሸት፤ በቀጭን ቦዮች ውስጥ አስገብቶ ዘንግ ማውጣት፤ ማድረቅ፤ ከዚያም አየር እንዳይገባው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት መተኮስ። የተተኮሰው ዘንግ በተቦረቦረ እንጨት ውስጥ ይገባና በሌላ እንጨት ይሸፈናል። በእሳቱ ውስጥ ሸክላው ጠንካራ አጽም ይሆናል፤ ግራፋይቱም በዚያ አጽም ተይዞ ይቀራል። እርሳሱ በወረቀት ላይ ሲሄድ የግራፋይቱ ስስ ንብርብሮች እየተንሸራተቱ በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ላይ ይቀራሉ።

ወሳኙ ነገር በሊጡ ውስጥ ያለው መጠን ነው። ሸክላው ሲበዛ ዘንጉ ይጠነክራል፤ መስመሩም ቀጭንና ፈዛዛ ይሆናል። ግራፋይቱ ሲበዛ ዘንጉ ይለሰልሳል፤ መስመሩም ይጠቁራል። የእሳቱ ኃይልም በውጤቱ ላይ ድርሻ አለው። ከዚህ በኋላ ጥንካሬ የተፈጥሮ ዕድል መሆኑ ቀረ፤ እንደ ወጥ ቤት ልክ በእጅ የሚመጠን ሆነ። ዛሬ በእርሳስ ላይ የምናያቸው ኤች የተባለው የጥንካሬ ምልክትና ቢ የተባለው የጥቁረት ምልክት በኋላ የመጡ ቢሆኑም፣ ሊኖሩ የቻሉት በዚህ መርሕ ነው።

ስለ ቀዳሚነቱ ክርክር አለ። በቪየና ዮሴፍ ሃርትሙት የተባለ ሠሪም በዚያው ዘመን አካባቢ ግራፋይትንና ሸክላን አዋሕዶ እርሳስ ሠርቷል። ሁለቱ ሰዎች ወደ አንድ መልስ መድረሳቸው የኮንቴን ሥራ አያሳንስም። ሸክላን በእሳት ማጠንከር የሸክላ ሠሪ ጥንታዊ ዕውቀት ነው፤ የቀረው የሠዓሊን ፍላጎትና የሸክላ ሠሪን ምድጃ የሚያገናኝ ሰው ነበር።

ምርጫና ቀረጻ የትምህርት አካል ሲሆኑ

የፈጠራው መብት በተሰጠበት በዚያው ዓመት፣ በኦክቶበር 1795፣ የፈረንሳይ መንግሥት ማዕከላዊ ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ንድፍ ከአሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉ ተማሪዎች ከሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ሆነ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተመሠረተው የመሐንዲሶች ከፍተኛ ትምህርት ቤትም ጋስፓር ሞንዥ ጠጣር አካላትን በመስመር የሚገልጸውን ጂኦሜትሪ ያስተምር ነበር። አንዱ ሰርኩለት ለስላሳ ጥላ፣ ሌላው ሹል መስመር ይፈልጋል። በአንድ ዘዴ ሁለቱንም የሚያገለግል ዕቃ መሠራቱ ከዚህ የትምህርት መስፋፋት ጋር መግጠሙ ልብ ሊባል ይገባል።

አዲሱ እርሳስ አዲስ የእጅ ሥርዓትም ጠየቀ። በኮንቴ ዕድሜ የእርሳስ መቅረጫ አልነበረም፤ ለመጀመሪያው መቅረጫ ላሲሞን የተባለ ፈረንሳዊ መብት ያገኘው ኮንቴ ከሞተ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1828 ነው። ቀረጻው በሰንጢ ስለነበር ተማሪው የእርሳሱን ባሕርይ አስቀድሞ በጣቱ ይማር ነበር። ጠንካራው ዘንግ ረጅምና ሹል ጫፍ ይሸከማል፤ ለስላሳው ግን እንደዚያ ከቀጠነ ይሰበራል፤ ስለዚህ አጠር ብሎና ወፈር ብሎ ይቀረጻል። በሰንጢ የተቀረጸ እርሳስ ዘንጉ ረዘም ብሎ ስለሚወጣ ጫፉ ለመስመር፣ ጎኑ ደግሞ ለሰፊ ጥላ ያገለግላል። መቅረጫው በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት አጭር ጫፍ በማውጣቱ ጊዜ ይቆጥባል፤ ያንን የጎን አጠቃቀም ግን ያጠብበዋል። ዛሬም በንድፍ ክፍል ምላጭ ከመቅረጫ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ምርጫ በሥራ ሲታይ እንዲህ ነው። የቅርጹን ስፍራ ለመያዝ ጠንከር ያለው እርሳስ፣ ሁለት ኤች ወይም ኤችቢ፣ ሳይጫኑ ይሰመርበታል፤ ስሕተቱ በቀላሉ ይጠፋልና። መካከለኛው ጥላ በሁለት ቢና በአራት ቢ፣ ጥልቁ ጥቁረት በስድስት ቢ ይገባል። ጥቁረትን ከጠንካራ እርሳስ በጉልበት ለማውጣት የሚሞክር ተማሪ ወረቀቱን ይጎዳል፤ የተቦረቦረውን ወረቀትም ላጲስ አይመልሰውም። ከኮንቴ በፊት ይህ ጉልበት ግዴታ ሊሆን ይችል ነበር፤ ከእሱ በኋላ ግን ስሕተት ተባለ። በ1806 ወደ ሮም የሄደው ሠዓሊ አንግር በግራፋይት እርሳስ የሠራቸው የሰው ምስሎች ቀጭን መስመርና ስስ ጥላ ምን ያህል ርቀው መሄድ እንደሚችሉ ያሳያሉ።

ከመዶን እስከ ካይሮ

ኮንቴ ከእርሳሱ ጋር ብቻ አልቀረም። በኦክቶበር 1794 በአቤ ግሬግዋር ሐሳብ የተቋቋመው የጥበባትና የዕደ ጥበባት ተቋም ማሽኖችና መሣሪያዎች ተሰብስበው በሥራ የሚታዩበት፣ አጠቃቀማቸውም የሚብራራበት ቦታ ነበር፤ ኮንቴም ከመጀመሪያዎቹ አስረጂዎች አንዱ ሆነ። በፓሪስ አቅራቢያ በመዶን ለጦር ሠራዊቱ የሚያገለግሉ ፊኛዎች የሚሠሩበትን ትምህርት ቤት መራ። በዚያው በጋዝ ሙከራ ላይ ሳለ በደረሰ ፍንዳታ ግራ ዓይኑን አጣ። ለሠዓሊ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ በአንድ ዓይን የርቀትን ልክ መገመት ይከብዳልና። ምስሎቹ በሙሉ ማለት ይቻላል በዓይኑ ላይ ጥቁር መሸፈኛ አስሮ ያሳዩታል። መንደፉን ግን አላቆመም።

በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ ከዘመቱት ባለሙያዎች አንዱ ሆነ። በኦገስት መጀመሪያ የእንግሊዝ መርከቦች በአቡኪር የፈረንሳይን መርከቦች ሲያወድሙ ብዙ ዕቃ ጠፋ፤ በኦክቶበር በካይሮ በተነሣው አመፅ ደግሞ ከተረፉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ተዘረፉ። ኮንቴ በካይሮ ሥራ ቤቶችን አቋቁሞ መሣሪያ የሚሠሩ መሣሪያዎችን ከመሥራት ጀመረ። ከእነዚህ ሥራ ቤቶች ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ሰይፍ፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃና የመለኪያ መሣሪያ ወጣ። እርሳሱን የወለደው የጦርነት እጥረት እዚህም በሰፊው ተደገመ፤ መልሱም በዚያው መንገድ፣ ያለውን ቁስ መርምሮ ልኩን በማግኘት ነበር።

ሁሉም ሥራው አልሰመረለትም። በካይሮ አደባባይ የተለቀቀው ፊኛ ሕዝቡን ያስደንቃል ተብሎ ሲጠበቅ ወደቀ። ዘር ሐረጉ ከእኛው ክፍለ ዓለም፣ ከጀበርት ምድር የሚመዘዘው ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል ጀበርቲ ፊኛውን አገልጋዮች በበዓልና በሠርግ ከሚያስበርሩት የወረቀት መጫወቻ ጋር አመሳስሎ አልፎታል። የፈረንሳዮቹን ቤተ መጻሕፍትና የሠዓሊዎቻቸውን ሥራ ሲጎበኝ ግን በጥሞና ተመልክቶ ጽፏል።

ኮንቴ በካይሮ ከሠራው ሁሉ ለንድፍ ታሪክ የሚቀርበው የአገሩን የእጅ ባለሙያዎች መንደፉ ነው። ሸማኔውን ከነመሣሪያው፣ እንጨት ጠራቢውን በእግሩ ጭምር ሥራውን ሲይዝ፣ ዕቃው እንዴት እንደሚያዝ፣ እጅ ከየት እንደሚነሣ መዝግቧል። ዓላማው ውበት ብቻ አልነበረም፤ ንድፉን የሚያይ ሰው መሣሪያውን ዳግም መሥራት እንዲችል ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1801 ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰ በኋላ ስለ ግብፅ የሚዘጋጀውን ታላቅ መጽሐፍ ሥራ እንዲመራ ተመረጠ። የመጽሐፉ ሥዕሎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚቀረጹ ነበሩ፤ ሰፊውን የግብፅ ሰማይ ለማሳየት ብቻ ቀራጩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ትይዩ መስመሮችን ለወራት ማስመር ነበረበት። ኮንቴ መስመሮቹን በእኩል ርቀት የሚያሰምር ማሽን ሠራ፤ የወራቱም ሥራ ወደ ቀናት ወረደ። እዚህም ሐሳቡ አንድ ነው፦ የመስመሩ ቅጥነትና ጥቁረት በእጅ ድካም ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ ልክ እንዲገኝ ማድረግ።

የመጽሐፉን መታተም ግን አላየም። ባለቤቱ ከሞተች ጥቂት ቆይቶ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1805 በፓሪስ በኀምሳ ዓመቱ ዐረፈ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍሎች መውጣት የጀመሩት በ1809 ነው። የእርሳስ ሥራውን አማቹ ኡምብሎ ቀጠለበት። ስሙም በኋላ ዘመን ሠዓሊዎች በሚወዱት ባለ አራት ማዕዘን የጠመኔ ዘንግ ላይ ቀረ፤ ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዱ ጥልቅ ጥላን በሻካራ ወረቀት ላይ በማውጣት የታወቀው ሱራ ነው።

ማጠቃለያ

የኮንቴ ሕይወት ከዚህ አንጻር ሲታይ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው፣ የመሣሪያ ምርጫ ከሥዕል ትምህርት በፊት የሚያልፍ ዝግጅት ሳይሆን የትምህርቱ አካል መሆኑ ነው። ተማሪ የትኛውን እርሳስ ለምን እንደመረጠና ለምን በዚያ መልክ እንደቀረጸ ማስረዳት ከቻለ ስለ መስመርና ስለ ጥላ ማሰብ ጀምሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው የንድፍ ትምህርት ሰዓት ለምርጫና ለቀረጻ ቢሰጥ ሰዓቱ ባከነ ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ከክፍል የሚሰፋ ነው። የእርሳሱ መልስ የተገኘው በኬሚስቱ ዕውቀትና በሠዓሊው ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ ሸክላ ሠሪ ለሺህ ዓመታት ሲሠራበት በኖረው የአፈርና የእሳት ጥበብ ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ሲናቁ መኖራቸው የታወቀ ነው። የሥነ ጥበብ፣ የምሕንድስናና የታሪክ ተመራማሪዎቻችን የእነዚህን ባለሙያዎች ዕቃና የእጅ አያያዝ፣ ኮንቴ በካይሮ እንዳደረገው፣ ዳግም ሊሠራ በሚችል ንድፍ ቢመዘግቡ ሥራው ለየትምህርት ክፍሎቻቸው የጋራ መነሻ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ዕቃ ውድ አይደለም፤ በልኩ የተመረጠና በጥንቃቄ የተቀረጸ አንድ እርሳስ ነው።